የአጃ ኩኪስ ለምን ይፈሳል? ስለ ቅቤ፣ ስለ ማርጋሪንና ስለ ዘይት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ የሚኖሩ አንዲት እናት በቤታቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ የአጃ ኩኪስ ለመጋገር ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቱም አልሆነላቸውም። መጀመሪያ ከቅዳሜ ገበያ በገዙት ለጋ ቅቤ ቢሠሩት ሊጡ እንደ ቂጣ ተዘርግቶ አንዱ ከሌላው ተጣበቀ፤ በማግስቱ ደግሞ ጥርስ የሚሰብር ሆነ። በሁለተኛው ቤት ያለውን ንጥር ቅቤ ቢጠቀሙ ቅርጹ ቢሻሻልም ልጆቻቸው «ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል» ብለው ገፉት። በሦስተኛው በፈሳሽ ዘይት ሠርተው ከሥር ያነጠፉት ወረቀት ዘይት ጠጥቶ ወጣ። የያዙት አሠራር ከውጭ አገር የመጣ ሲሆን 225 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 190 ግራም ዱቄት፣ 240 ግራም አጃና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅሎ በ175 ዲግሪ ይጋገር ይላል። የሚጠይቁት የትኛው ቅባት ለኩኪስ እንደሚሆን፣ ማርጋሪን ቢገዙ ይሻል እንደሆነ፣ በጾም ወቅትም ለወላጅ እናታቸው ምን ሊሠሩላቸው እንደሚችሉ ነው።

ክብርት እህቴ፣ ሦስቱን ሙከራዎችዎን እንዲህ ዘርዝረው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «አልሆነልኝም» ብቻ ብሎ ስለሚጠይቅ ምን እንደተደረገ ለማወቅ መልሼ መጠየቅ ግድ ይሆንብኛል፤ የእርስዎ ጽሑፍ ግን የመልሱን እኩሌታ ይዞ ነው የመጣው። የተጠቀሙበት መጠን ለተጻፈበት አገር ስሕተት የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው «ቅቤ» የሚለው ቃል እዚያና እዚህ አንድ ዕቃ ስለማይጠራ ነው። ያን መጠን የጻፈው ሰው ቅቤ ሲል በፋብሪካ የተሠራውን፣ ከ100 ግራሙ ቢያንስ 80 ግራሙ ስብ እንዲሆን በሕግ የተወሰነበትን፣ ከቀረውም 16 ግራም ያህሉ ውኃ፣ ጥቂቱ የወተት ትራፊ የሆነውን ማለቱ ነው። እኛ ለጋ ቅቤ የምንለው ደግሞ በአንድ የገጠር ቤት እርጎው በቅል ተንጦ፣ በእጅ ተሰብስቦ፣ በውኃ ታጥቦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ የወጣውን ነው። የናጠችው ሴት ስንት ጊዜ እንዳጠበችው፣ ምን ያህልስ ጨምቃ ውኃውን እንዳወጣችለት በዓይን አይታወቅም። የሁለት ጎረቤታሞች ቅቤ በአንድ ቀን፣ በአንድ መደብ፣ በአንድ ዋጋ ተሸጦ የውኃው መጠን እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ለወጥ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ውኃው ድስቱ ውስጥ ተንኖ ያልቃል። ለኩኪስ ግን ሁሉም ነገር በእሱ ይበላሻል።

ስለዚህ «የትኛው ቅባት ይሻላል?» ተብዬ ስጠየቅ ስሙን ትቼ ሁለት ነገር አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ውስጡ ምን ያህል ውኃ አለው፣ በስንት ዲግሪስ ይቀልጣል? ለጋው ቅቤም፣ ንጥሩም፣ ማርጋሪኑም፣ የረጋ ዘይቱም፣ የኑግ ዘይቱም በእነዚህ በሁለቱ ከተመዘኑ ኩኪሱ ምን ዓይነት ሆኖ እንደሚወጣ ገና ምድጃ ሳይገባ መናገር ይቻላል።

ቅባት በሊጥ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ካላየን የቀረው ምክር ሁሉ በጭፍን የሚታዘዙት ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ውኃ ነክቶት ሲታሽ ውስጡ ያለው ፕሮቲን እየተያያዘ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል። ለዳቦ የምንደክመው ይህን ለማግኘት ነው፤ ለኩኪስ ግን ጠንቅ ነው። ቅባቱ የዱቄቱን ቅንጣት ቀድሞ ከለበጠው ውኃው እንደ ልብ ስለማያገኘው መረቡ አጭር ሆኖ ይቀራል፤ ጥሩ ኩኪስ አፍ ውስጥ ፍርክስክስ የሚለውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው የቅባት ሥራ አየር መያዝ ነው። ለስላሳ ሆኖ ያልቀለጠ ቅቤ ከስኳር ጋር ሲመታ የስኳሩ ቅንጣቶች ቅቤውን እየበሱ ዓይን የማያያቸው የአየር ቀዳዳዎች ይተዉበታል፤ ሲመቱት ቢጫው ወደ ነጭ የሚሸሸው በዚሁ አየር ነው። ቤኪንግ ሶዳው ኋላ የሚያወጣው ጋዝም እነዚህኑ ቀዳዳዎች ያሰፋል እንጂ አዲስ አይከፍትም። በቀለጠ ቅቤ ወይም በፈሳሽ ዘይት ውስጥ እንዲህ ያለ አየር አይቆይም።

ሦስተኛው መቅለጡ ነው፤ የእርስዎም ችግር በዋናነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ እንቁላል መርጋት የሚጀምረው ግን 60 ዲግሪን ካለፈ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ሊጡን የሚይዘው ነገር የሌለባቸው ደቂቃዎች ናቸው። በምድጃዎ መስታወት በኩል ቢመለከቱ ይታያል፤ መጀመሪያ የድብልብሉ ወለል ያብለጨልጫል፤ ቀጥሎ ወገቡ ይሰበርና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከዚያ ዳርቻው ላይ ጥቃቅን አረፋ እየፈላ ይዘረጋል፤ በመጨረሻ ዳርቻው ደፍርሶ ይቆማል። ከቆመ በኋላ አይፈስም። እንግዲህ ብልኃቱ ሁሉ መቅለጡን ማዘግየት ወይም መርጋቱን ማፋጠን ነው።

አሁን ወደ ለጋ ቅቤዎ እንምጣ። የውኃውን መጠን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 100 ግራም ቅቤ መዝነው በትንሽ ድስት፣ ሳይፈላ፣ በቀስታ ያቅልጡት። በጠባብና ረጅም ብርጭቆ ይገልብጡት፤ ብርጭቆውን ሙቅ ውኃ በያዘ ሳህን ውስጥ አቁመው ግማሽ ሰዓት ሳይነኩት ይተዉት። ከላይ ጥርት ያለ ወርቅማ ቅባት ይሰፍራል፤ ከታች አጓት የመሰለ ድፍርስ ውኃ ይቀራል፤ በመካከላቸው ነጭ ስስ ሽፋን ይታያል። ከዚያ ፍሪጅ አስገብተው ሲረጋ የላይኛውን እንደ ክዳን ያንሡት፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ይመዝኑት። 80 ግራም ከሆነ አሠራሩ የሚለውን ቅቤ አግኝተዋል ማለት ነው። 70 ግራም ከሆነ ግን፣ ከተጠቀሙበት 225 ግራም ውስጥ 68 ግራም ያህሉ ስብ አልነበረም፤ አሠራሩ ያሰበው 45 ግራም ብቻ ስለነበር አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ውኃ ሳያውቁት ጨምረዋል። ያ ውኃ ስኳሩን አሟሟው፤ የሟሟ ስኳር ሲሞቅ ሽሮፕ ሆኖ ይፈሳል፤ ሲበርድ ደግሞ እንደ ከረሜላ ይደርቃል። በተጨማሪም ለዱቄቱ ያ የማንፈልገውን መረብ የሚሠራበት ርጥበት ሰጠው። ማታ የተዘረጋውና በማግስቱ ጥርስ የሰበረው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ችግር አድርገው አይቁጠሩት።

ይህን ምርመራ የተማርሁት በኪሳራ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ለአንድ የሠርግ ትእዛዝ ከማላውቀው ነጋዴ ብዙ ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። መልኩ ያማረ፣ ሽታው ለጋ ነበር። ሳቀልጠው ግን ድስቱ ሥር ሙቅ የመሰለ ወፍራም ነገር ተቀመጠ። አንድ አዛውንት ጋጋሪ አጠገቤ ነበሩና ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን አስመጥተው በዝቃጩ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል ሲያደርጉበት ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ዱቄት የተደባለቀበት ነበር። አዮዲን ስታርች ሲነካ ቀለሙን ይለውጣልና። ልብ ይበሉ፣ ይህ ዘዴ ዱቄትን እንጂ ከቅቤ ጋር የተደባለቀ የረጋ ዘይትን አያጋልጥም፤ ለዚያ የምትታወቅ ባለቅቤ መያዝ ነው የሚሻለው።

የገበያውን ለጋ ቅቤ እንዳለ መጠቀም ከፈለጉ አስቀድመው በበረዶ ውኃ ውስጥ በእንጨት ማንኪያ እየዳመጡ ይጠቡት፤ የመጨረሻው ውኃ ጥርት እስኪል ከደጋገሙት ኮምጣጣው አጓት ይለቃል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጠንከር አድርገው ይጭመቁት። የበሰለ፣ ማለትም ብዙ የቆየ፣ ቅቤ ግን በምንም መታጠብ ለኩኪስ አይሆንም። በቆይታ ከስቡ የተነጠሉት የቅቤው አሲዶች ምድጃ ውስጥ ሲሞቁ ሽታቸው ይነሣል፤ ለፀጉርና ለወጥ የሚወደደው ያ ሽታ ከቀረፋና ከዘቢብ ጋር አይታረቅም።

ከቅቤው ሌላ የከተማችን ከፍታም ድርሻ አለው፤ ይህን የውጭ አገር አሠራሮች እምብዛም አያነሡትም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት የሶዳው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋል፤ የተነፋው ሊጥ ሳይረጋ ይወድቅና ይዘረጋል። ውኃውም ፈጥኖ ስለሚተን የስኳሩ ድርሻ ይበረታል፤ የበረታ ስኳር መርጋትን ያዘገያል። ስለዚህ ሶዳውን በሩብ ያህል፣ ስኳሩን በመጠኑ ይቀንሱ፤ ዱቄቱንና ፈሳሹን ጥቂት ይጨምሩ፤ ሙቀቱንም ከ175 ወደ 185 ወይም 190 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት፤ ዳርቻው ቶሎ እንዲቆም። «በቅቤው ብዙ ውኃ ገብቷል ካሉ በኋላ በከፍታ ምክንያት ፈሳሽ ይጨመር እንዴት ይላሉ?» ይሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፈሳሽ መጨመር ያለብን በልክ፣ አውቀነው ነው፤ ቅቤው ግን ሳንጠይቀው ያልተለካ ውኃ ይሰጠናል።

ወቅቱንም አይርሱ። ቅቤ ከስኳር ጋር ለመምታት የሚስማማው 18 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ግን ጣት ላይ ቅባት የማይተው። በኅዳር ጠዋት ጎንደር ውስጥ ቅቤ ድንጋይ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ያለ እሳት ይላላል። የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረጉት በየትኛው ወር እንደሆነ አልጻፉም፤ በበጋው ማብቂያ ከሆነ ሊጡ ምድጃ ከመግባቱ በፊት እኩሌታው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የተድበለበለውን ሊጥ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት። በዚያ ሰዓት ውስጥ አጃውም ርጥበት ስለሚጠጣ ሊጡ ሁለት ጊዜ ይጠነክራል። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ ቢቆይም ይሻላል እንጂ አይጎዳም፤ ጣዕሙ ይደምቃል።

ንጥሩ ቅቤ ቅርጹን ያሻሻለልዎት በውስጡ ውኃ ስለሌለ ነው። ጣዕሙን ያበላሸው ግን ቅቤው ራሱ ሳይሆን ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላውና አብሹ ነው። የእኔ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ለጋውን ቅቤ ያለ ምንም ቅመም ያንጥሩት፤ ውኃውን ሁሉ ያውጡ፤ ከዚያ አሠራሩ የሚፈልገውን ያህል ፈሳሽ ራስዎ በማንኪያ ለክተው ይመልሱለት። በዚህ መንገድ ቅቤው ከየትም ይምጣ ኩኪሱ አንድ ይሆናል። ሲያነጥሩት አረፋው እስኪያልቅና ድስቱ ሥር ያለው ዝቃጭ የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ የሚይዘውን ቀለም እስኪይዝ ይታገሡት፤ የለውዝ የመሰለ ሽታ ሲሰጥ ወዲያውኑ ያውጡት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ደቂቃ ያሳርረዋል። ያን የቀላ ዝቃጭ አይጣሉት፤ ከሊጡ ጋር ይግባ፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ሙቀት ፕሮቲንንና ስኳርን አገናኝቶ የሚፈጥረው ይህ ለውጥ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባጠናው መሠረት በስሙ ይጠራል፤ እንጀራ ምጣድ ሥር፣ ቡና ብረት ምጣድ ላይ፣ ኩኪስ ዳርቻ ላይ የምናየው መቅላት ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። ንጥር ቅቤ ሳይነካ ሲበርድ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ ስለዚህ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አድርገው እንደ ክሬም እስኪሆን እያማሰሉ ያብርዱት። ያኔ ከስኳር ጋር ሲመታ አየር ይይዛል።

ስለ ማርጋሪን የሚወራው ከሚታወቀው ይበዛል። ማርጋሪን በ1869 በፈረንሳይ በኬሚስቱ ኢፖሊት ሜዥ ሙሪየስ የተሠራ የቅቤ ምትክ ነው፤ መጀመሪያ የሚሠራውም ከከብት ሞራ ነበር። ፈሳሽ የአትክልት ዘይትን ሃይድሮጂን ጨምሮ ማርጋት የተቻለው በኋላ፣ ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን በ1902 የባለቤትነት መብት ካገኘበት ወዲህ ነው። ይኸው ማርጋት በከፊል ብቻ ሲደረግ ትራንስ ፋት የሚባለው ለልብና ለደም ሥር ጎጂ የሆነ ስብ ይፈጠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 አገሮች ሁሉ ከምግብ እንዲያስወጡት ጥሪ አድርጓል። ስለዚህ ሲገዙ መለያ ወረቀቱን አዙረው ያንብቡ፤ «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካዩ ይመልሱት። ሁለተኛው የሚነበበው የስቡ መጠን ነው። በድፍኑ የሚሸጠውና 80 በመቶ ስብ ያለው በቅቤ ልክ ግራም በግራም ይተካል፤ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ዳቦ ላይ የሚቀባ ለስላሳው ዓይነት ግን 40 ወይም 60 በመቶ ብቻ ስብ ሊኖረው ስለሚችል የቀረው ውኃ ነውና መጀመሪያ ወዳለፉበት ችግር ይመልስዎታል። ለመጋገሪያ ተብሎ የሚሠራው ድፍን ማርጋሪን ከቅቤ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ ኩኪሱ አይፈስም፣ ቁመናውም ያምራል። ለኬክ ቤት ይመቻል። ነገር ግን የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚቀልጥ ቅባት አፍ ውስጥ አይሟሟም፤ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ለቤት ልጆች እኔ አልመርጠውም።

የረጋ ዘይት የምንለው የፓልም ዘይት ከዚህ ይለያል፤ የሚረጋው በተፈጥሮው እንጂ በሃይድሮጂን አይደለም፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ጠጣር የሚሆነው ዓይነት ስለሆነ ነው። ውኃ ስለሌለው በ100 ግራም ቅቤ ፋንታ 80 ግራም ይበቃል፤ ጉድለቱን በፈሳሽ ይሞሉታል። አየርም ይይዛል። ጣዕም ግን የለውም፤ ብቻውን ሲሆን ኩኪሱ ዱቄት ዱቄት ይላል። ቅቤ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሶውን በእሱ መተካት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛው ሙከራዎ ለምን ወረቀቱን እንዳራሰው አሁን ግልጽ ሳይሆን አይቀርም። ፈሳሽ ዘይት ሁልጊዜም የቀለጠ ነው፤ አየር አይዝም፤ 225 ግራም ቅቤን በ225 ግራም ዘይት ተክተው ከሆነ ደግሞ 45 ግራም ትርፍ ስብ ገብቷል። የሚይዘው ያጣ ዘይት መውጫ ይፈልጋል። ኑግ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የኑግ ዘይት ስብ አብዛኛው ሊኖሌይክ የሚባለው፣ ከአየር ጋር ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ስለሆነ ኩኪሱ ከጥቂት ቀን በኋላ የቆየ ዘይት ሽታ ያመጣል፤ የራሱ ጠንካራ ጣዕምም ቀረፋውን ይውጠዋል። ኑግን ለወጥ ይተዉት።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ አጃው ምን ዓይነት ነበር? በሱቅ «ኦትስ» እየተባለ የሚሸጠው በእንፋሎት ተቀቅሎ የተዳመጠ ጠፍጣፋ ነው። ለቂንጬ የተሸረከተው የገበያ አጃ ግን ጠንካራ ቁራጭ ስለሆነ በ12 ደቂቃ ምድጃ ውስጥ ርጥበት አይጠጣም፤ ሊጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሥራ ፈትቶ ይፈሳል፤ ጥርስ ላይም ጠጠር ይሆናል። በተጨማሪ አጃ ከስንዴ ይልቅ ብዙ ስብ አለው፤ ያን ስብ የሚያበላሽ ኢንዛይምም አብሮት ይኖራል፤ ሳይሞቅ የተፈጨ አጃ በጆንያ ሲቆይ የሚመርረው በዚህ ነው። እንፋሎቱ ይህን ኢንዛይም ስለሚገድል የተዳመጠው ዕድሜው ይረዝማል። ከወገራ ወይም ከደባርቅ በኩል የመጣ ሽርክት ብቻ ካለዎት ግማሹን ገር አድርገው ያምሱትና በወፍጮ ድቅቅ ያድርጉት፤ ቀሪውን በሙቅ ወተት ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ አጥልለው ይጠቀሙ። የኦትሱን ልስላሴ አያገኙም፤ ጣዕሙ ግን ይበልጣል ባይ ነኝ። ዱቄቱም የዳቦ ፉርኖ ዱቄት ከሆነ ፕሮቲኑ ይበዛል፤ ሩቡን በገብስ ዱቄት ቢተኩት መረቡ ይሰበራል።

እንግዲህ ለ20 ያህል ኩኪስ መጠኑ ይህን ይመስላል። ያለ ቅመም የተነጠረና እንደ ክሬም የበረደ 95 ግራም ቅቤ ከ120 ግራም ስኳርና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ጋር ነጣ እስኪል ይምቱ። ማሩ የውጭዎቹ አሠራሮች የሚሉትን ቡናማ ስኳር ይተካል፤ ርጥበት ስለሚስብ ኩኪሱ መሐሉ ልስልስ ይላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚያቀላ ከዚህ አይብዛ። አንድ እንቁላልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምረው እንደገና ይምቱ። ለብቻ 115 ግራም ዱቄት፣ የሻይ ማንኪያ ሲሶ ያህል ቤኪንግ ሶዳ፣ ከዚያው ያላነሰ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ቀላቅለው ነፍተው ይጨምሩበት። ዱቄቱ ከገባ በኋላ መምታት ይቁም፤ በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። በመጨረሻ 130 ግራም አጃና አንድ እፍኝ ዘቢብ ይግባ። አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ የእንቁላል ግማሽ እያደረጉ አድበልብለው፣ በመካከላቸው አራት ጣት እየተዉ ይደርድሩ። በ185 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። ዳርቻው ሲቀላ፣ መሐሉ ግን ገና ጥሬ ሲመስል ያውጡት፤ ትሪው ላይ ባለው ሙቀት አምስት ደቂቃ ይበስላል። መሐሉ ምድጃ ውስጥ እስኪደርቅ ከጠበቁ ያ ጥርስ ሰባሪ ኩኪስ ተመልሶ ይመጣል። ሁልጊዜ መጀመሪያ አንድ ብቻ ጋግረው ይዩ። ከፈሰሰ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ፤ እንደ ድቡልቡሉ ከቀረ ከሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ወተት።

ለእናትዎ የጾሙ እንዲህ ይሠራል። ማርጋሪን ገዝተው «ቅቤ የለበትም» ብለው እንዳይቸኩሉ፤ ብዙው ማርጋሪን የወተት ዱቄት ወይም አጓት ይጨመርበታልና መለያውን ያንብቡ። እኔ የረጋውን ዘይት እመርጣለሁ፤ እዚህ ላይ አየር የመያዝ ችሎታው ይጠቅማል፤ ጣዕም ማጣቱን ደግሞ ሰሊጥ ይሸፍንለታል። ለእንቁላሉ ያልታመሰ ተልባ ፈጭተው አንድ የሾርባ ማንኪያውን በሦስት ማንኪያ ውኃ ይዘፍዝፉ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ይሆናል፤ ሊጡን የሚያያይዘው እሱ ነው። 80 ግራም የረጋ ዘይት ከ110 ግራም ስኳርና ከሦስት የተደቆሱ ቴምሮች ጋር ይምቱ፤ ተልባውን ያክሉ፤ ከመተማ በኩል የሚመጣውን ነጭ ሰሊጥ ገር አድርገው አምሰው፣ ወቅጠው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፤ ዱቄቱ፣ ሶዳው፣ ጨውና አጃው ከላይ ባለው ልክ ይሁን፤ በወተቱ ፋንታ ሁለት ማንኪያ ውኃ። የረጋው ካልተገኘ 75 ግራም የሱፍ ዘይት ይሆናል፤ ያኔ ሰሊጡን ሦስት ማንኪያ አድርገው፣ ሊጡን 40 ደቂቃ አሳርፈው ይጋግሩት። የተወቀጠው ሰሊጥና አጃው ዘይቱን ስለሚይዙት ወረቀቱ አይርስም። እንቁላል ስለሌለው ኩኪሱ ሲወጣ ይሰባበራል፤ ፈጽሞ ሳይበርድ ከትሪው አያንሡት።